መሣሪያን ከነማስቀመጫው ስለ መሸጥ

በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ቡና ገበያ፣ ስለ ጉምሩክ ሥነ ሥርዓትና ስለ ውጭ ምንዛሪ ብዙ ጊዜ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ እኔ ዛሬ ስለ እንጨት መቅረጫ መሮ አቀማመጥ ለመጻፍ መነሣቴ ለአንዳንድ አንባቢዎች እንግዳ ነገር መስሎ ሳይታያቸው አይቀርም። ነገር ግን ጉዳዩ የአናጢዎች ብቻ አይደለም፤ ከውጭ አገር ዕቃ የምናስመጣውንና በየመደብራችን የምንቸረችረውን ነጋዴዎች በቀጥታ የሚመለከት መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። እኔ ራሴ የእጅ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ፤ በእሑድ ቀንና በምሽት ጊዜ ደግሞ በግቢዬ ጀርባ ባለችው የሰርቪስ ክፍል ውስጥ በእንጨት ቶርኖ ልዩ ልዩ ነገር እየቀረጽሁ መዝናናት ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የምናገረው ከሻጭም ከገዢም ወገን ሆኜ ነው።

የእንጨት ቶርኖ ማለት እንጨቱን በሞተር ኃይል እያሽከረከረ፣ ሠራተኛው መሮውን በብረት ድጋፍ ላይ አስደግፎ የሚቀርጽበት ማሽን ነው። የወንበርና የአልጋ እግር፣ የደረጃ ዘንግ፣ የእንጨት ሳሕን፣ የቅመም መውቀጫና የሻማ መቅረዝ ከዚሁ ይወጣሉ። በሌላው የአናጢነት ሥራ እንጨቱ ቆሞ መሣሪያው ይንቀሳቀሳል፤ በቶርኖ ግን እንጨቱ ይዞራል፣ መሮው በእጅ ተይዞ ይጠብቀዋል። የሥራውም ልማድ በዚሁ ምክንያት የተለየ ነው። አናጢው መጋዙን አንሥቶ ሩብ ሰዓት ሊሠራበት ይችላል። ቶርኖ የሚሠራው ሰው ግን አንዲት የወንበር እግር ለማውጣት መጀመሪያ በሰፊው ቦይ መሮ የእንጨቱን አራት ማዕዘን ያድበለብላል፤ ቀጥሎ በቀጭኑ መቁረጫ ልኩን ያስይዛል፤ አፉ ሰያፍ በሆነው መሮ ያለሰልሳል፤ በትንሹ ቦይ መሮ ጎድጓዳውን ያወጣል፤ ከዚያም ተመልሶ ሰያፉን ያነሣል። በየመካከሉም ወደ መሳያው ይሄዳል፤ በስለቱ ሥር በየደቂቃው በመቶ የሚቆጠር ሜትር እንጨት ስለሚያልፍ ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማልና። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ መሣሪያ የሚያነሣና የሚያስቀምጥ ሰው፣ የማስቀመጫው ነገር ለእርሱ የሥራው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን እኔ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ለብዙ ጊዜ በመደብሬ እሸጥ የነበረው ስምንት መሮ በአንድነት የያዘ፣ በቫርኒሽ የተቀባ የእንጨት ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት ስምንቱ መሮዎች በየጎድጓዳቸው ተጋድመው ሲያብለጨልጩ ያየ ሰው ሁሉ ልቡ ይሳብ ነበርና፣ እኔም የሚሸጥልኝ ዕቃ ይኸው ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከጥቂት ወራት በፊት ሳጥኑን የገዙኝ አንድ ጡረተኛ መምህር ያንኑ ሳጥን በብብታቸው ይዘው መጡ።

«ወንድሜ፣ አንተ የሸጥህልኝ ስምንት መሮ ነው፤ እኔ ግን ያለኝ ሦስት ነው» አሉኝ።

«ሌሎቹስ ምን ሆኑ፣ ጋሼ? ጠፉብዎት?»

«አልጠፉም፤ ሁሉም ይኸው። የምሠራበት ግን በሦስቱ ብቻ ነው። አምስቱን እስከ ዛሬ አልነካኋቸውም። ሦስቱ ደግሞ በመሳቢያ ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ አፋቸው ተሸራረፈ። በምን ልሳላቸው? የትስ ላኑራቸው?»

ለዚህ ጥያቄ በመደብሬ ውስጥ የምሸጥላቸው አንዳች መልስ አልነበረኝም። ለእንጨት መሮ የሚስማማ መሳያ ድንጋይ የለኝም፤ መደርደሪያ የለኝም፤ ነጠላ መሮም የለኝም፤ ያለኝ ሌላ ስምንት መሮ የያዘ ሳጥን ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ወደ ቤታቸው ሄጄ የሥራ ክፍላቸውን አየሁት። ቁመቱ ሦስት፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ክፍል ነው። ቶርኖው ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። መምህሩ ሰው ሆነው የሚያስቡ ናቸውና ከመሳቢያው ይሻላል ብለው ግድግዳው ላይ ምስማር መትተው መሮዎቹን ማንጠልጠል ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን የመረጡት ቦታ ከማሽኑ በላይ፣ ልክ እንጨቱ ከሚዞርበት ፊት ለፊት ነበር። መሮ ለማንሣት በፈለጉ ቁጥር ክንዳቸውን የሹራባቸው እጅጌ እንደ ተንዘላዘለ በሚሽከረከረው እንጨት ላይ አሻግረው ይዘረጉ ነበር። ይህን ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን ድንጋጤ ለመግለጽ ያስቸግረኛል። የሚዞር እንጨት እጅጌ ከያዘ፣ ሰውየው ለመጮህ እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፦ መሮ ከሚሽከረከረው እንጨት ማዶ አይቀመጥም። ጥሩው ቦታ ከማሽኑ ወዲህ፣ ሰውየው ሲቆም ከጎኑ ወይም ከኋላው፣ አንድ እርምጃ ሳይሞላ ዞር ብሎ የሚያገኘው ነው። ከዚህም ሌላ እንጨት ሲሰነጠቅ ወይም ከመያዣው ሲያመልጥ ተስፈንጥሮ የሚወጣው በሚዞርበት አቅጣጫ ትይዩ ስለ ሆነ፣ በዚያ መሥመር ላይ መደርደሪያም ሰውም ባይቆም ይመረጣል። እኛ ሻጮቹ ይህን ለገዢው ለመንገር የሚወስድብን ጊዜ ሒሳቡን ከመቀበል አይበልጥም፤ ነገር ግን አንነግርም፤ ብዙዎቻችንም አናውቀውም።

ስለቱ ወደ ላይ ይሁን ወይስ ወደ ታች በሚለው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። ስለቱ ወደ ላይ ሲሆን የቱ መሮ የቱ እንደ ሆነ በአንድ እይታ ይታወቃል፤ ጉዳቱ ግን እጅ ሲዘረጋ ስለቱ መጀመሪያ መገኘቱ ነው። ትልልቆቹ መሮዎች ከነእጀታቸው ከግማሽ ሜትር በላይ ስለሚረዝሙ፣ መደርደሪያው ከፍ ብሎ ከተሠራ ስለቱ በዓይን ትክክል ይሆናል። ስለቱ ወደ ታች ሲሆን ደግሞ እጀታዎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉና ሰውየው አንዱን አንሥቶ አይቶ መመለስ ይበዛበታል። እኔ ልጆች በሚገቡበት ቤት ስለቱ ወደ ታች እንዲሆን እመክራለሁ፤ እጀታዎቹንም ጫፋቸውን በልዩ ልዩ ቀለም መቀባት ወይም ከተለያየ እንጨት መሥራት ነገሩን ያቃልለዋል። የእኔው መደርደሪያ የተሠራው ከውኃ መስመር በተረፈ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ቱቦውን በየሃያ አምስት ሳንቲ ሜትሩ ቆርጬ፣ አፉን ሰያፍ አድርጌ፣ በኮምፔንሳቶ ላይ በብሎን አሠርሁት። ታችኛው አፍ ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት፤ ያለዚያ ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ይሞላውና በክረምት እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል። ይልቁንም እርጥብ እንጨት የሚቀርጽ ሰው ሥራውን ሲጨርስ መሮዎቹን ዘይት በነካው ጨርቅ ሳይጠርግ መተኛት የለበትም። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃል።

አንዳንዶች ማግኔት ያለው ብረት ግድግዳ ላይ ለጥፈው መሮውን በዚያ ላይ ይሰቅላሉ። ለትንንሾቹ ጥሩ ነው፤ ለከባዱ ቦይ መሮ ግን አላምነውም፤ ደግሞም ከመሳያው የሚበነው የብረት ብናኝ ሁሉ እዚያው ላይ ይጠራቀማል። ግድግዳውን ሁሉ በምስማር መበሳት የማይፈልግ ሰው፣ ተከራይ ቢሆን እንኳ፣ ሁለት ጣውላ በ45 ዲግሪ ሰያፍ አስቆርጦ አንዱን ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን መደርደሪያው ጀርባ ላይ ቢመታው፣ መደርደሪያው በራሱ ክብደት ይያያዛል፤ ቤት ሲለቅም አንሥቶት ይሄዳል።

የመሮዎቹ ተራ በመጠናቸው ሳይሆን በሥራ ቅደም ተከተላቸው ቢሆን ይሻላል። ሳጥን ሠሪው ግን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ የሚልከው ለዓይን ስለሚያምር ነው። ከእያንዳንዱም መሮ በስተጀርባ መልኩን በእርሳስ መንደፍ፣ ሲነሣ ቦታው ባዶ መሆኑን ያሳያል፤ የቶርኖ ፍቅፋቂ በአንድ ምሽት እስከ ጉልበት ሊደርስ ይችላልና በውስጡ የተቀበረ መሮ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በጫማ ነው። ከሁሉም በላይ ቋሚ ቦታ የሚያስፈልገው እንጨቱን የሚጨብጠው ባለ አራት መንጋጋ መያዣ፣ ማለት ባለሙያዎች ቸክ የሚሉት ዕቃ ቁልፍ ነው። ቁልፉ በቸኩ ላይ እንደ ተሰካ ተረስቶ ሞተሩ ከተነሣ እንደ ጥይት ይወረወራል። የእኔ ቁልፍ የሚሰቀለው በማብሪያው አጠገብ ባለች ምስማር ላይ ነው፤ ማሽኑን ለማስነሣት እጄን ስዘረጋ ምስማሯ ባዶ ከሆነች ዓይኔ ያያታል። ትርፍ መንጋጋዎቹን ከነብሎኖቻቸው በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አስቀምጣለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ነገር ለመግዛትም አላሰብሁም።

አሁን ወደ ንግዱ ልመለስ። ከላይ እንደ ተባለው ቶርኖ የሚሠራ ሰው መሳያውን ከማሽኑ በሁለት እርምጃ ውስጥ ካላደረገው፣ ስንፍና ይይዘውና በዶለዶመ መሮ መሥራት ይጀምራል፤ የዶለዶመ መሮ ደግሞ እንጨቱን አይቆርጠውም፣ ይቦጭቀዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ተጠምዶ ከእጅ ያመልጣል። ስለዚህ መሮ የሸጠ ነጋዴ መሳያውንም ሊሸጥ ይገባዋል። የትኛውን መሳያ? በአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ፈጣን የሆነው የመሳያ ማሽን በደቂቃ ወደ 2,900 ጊዜ ይዞራል፤ ዝግተኛው ደግሞ ወደ 1,450 ጊዜ። ለመሮ የሚሻለው ዝግተኛው ነው። ድንጋዩም ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ሻካራና ጠንካራ ግራጫ ድንጋይ ሳይሆን፣ ለስላሳው ነጭ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ድንጋይ ቢሆን ስለቱን አያቃጥለውም።

ስለ ብረቱም ዓይነት ለገዢው ማስረዳት የእኛ ግዴታ ነው። ተራው የካርቦን አረብ ብረት ሲሳል ግሎ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው፣ ቱንግስተን፣ ሞሊብዲነም፣ ክሮሚየምና ቫናዲየም የተቀላቀለበት አረብ ብረት ግን ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እስኪግል ድረስ ጥንካሬውን አይለቅም፤ እርሱን ደግሞ ግሎ ሳለ ውኃ ውስጥ መንከር የማይታይ ስንጥቅ ሊያመጣበት ይችላል። የሁለቱ ዋጋ እጅግ ይለያያል፤ አያያዛቸውም ተቃራኒ ነው፤ በብዙ መደብር ግን በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

መቀላቀልን ካነሣን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የውጭ አገር ላኪ ዘንድ ቸክ አዘዝሁ። በሰነዱ ላይ የተጻፈው «ለእንጨት ቶርኖ» የሚል ብቻ ነበር፤ እኔም ይህን በቂ መስሎኝ ዝም አልሁ። ዕቃው ሲደርስ የጥርሱ ልክ 1 ኢንች፣ በኢንች 8 ጥርስ፣ ማለት በአሜሪካ የተለመደው ሆኖ ተገኘ። እኔ የሸጥኋቸው ቶርኖዎች ግን አብዛኞቹ በአውሮፓ የተለመደው 33 ሚሊ ሜትር ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነበሩ። በዚህ ላይ ቀደም ብዬ ካስመጣኋቸው ትክክለኛ ቸኮች ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ አደባለቅኋቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያስቸግርም፤ አንዱ ደንበኛ ወስዶ አልገባ ብሎት መለሰ፤ ሌላው በግድ አዙሮ የቶርኖውን ጥርስ አበላሸ፤ ሦስተኛው ከነገንዘቡ ሌላ መደብር ሄደ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ የጨመረ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለውን ስሕተት ማረም ከቀድሞው ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ቶርኖና ቸክ የሚያዝ ነጋዴ ሁሉ በፕሮፎርማው ላይ የጥርሱን ልክና የሞርስ ሾጣጣውን ቁጥር፣ 1 ይሁን 2፣ በግልጽ እንዲጽፉለት ይጠይቅ፤ ዕቃው ሲገባም በየዕቃው ላይ በቀለም ወይም በወረቀት ይለጥፍ።

ሌላም ለአስመጪዎች የሚጠቅም ነገር አለ። በጉምሩክ የዕቃዎች መደብ ዘንድ የእንጨት መሮ በ8205፣ የእንጨት ቶርኖው በ8465፣ እንጨት መያዣው በ8466፣ የመሳያ ድንጋዩ በ6804 ይመደባሉ። አንዱን የቤት ወርክሾፕ የሚያሟሉት ዕቃዎች በአራት የተለያየ ቦታ የተበተኑ ናቸውና፣ ላኪው ሁሉንም «የአናጢ መሣሪያ» ብሎ በአንድ መሥመር ከጻፈው ሰነዱ ተመልሶ ሊያደክመን ይችላል።

ለመሆኑ ስንት መሮ ያስፈልጋል? በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊከም የምትባለው ከተማ በወንበር ሥራ የታወቀች ነበረች፤ በአቅራቢያዋ ባሉት የቺልተርን ኮረብታዎች ደን ውስጥ የወንበር እግር የሚቀርጹ ሠራተኞች እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ይሠሩ ነበር። ማሽናቸው በእግር የሚረገጥ፣ ከላይ በሚለጠጥ አጣና የሚመለስ ቶርኖ ነበር፤ ጎጇቸውን እዚያው ጫካ ውስጥ ቀልሰው፣ እርጥቡን ዛፍ ፈልጠው፣ በጥቂት መሮ ለፋብሪካዎቹ የሚሆን እግር ያወጡ ነበር። ስምንት መሮ የያዘ ባለ ቫርኒሽ ሳጥን የነበራቸው አይመስለኝም። ለጀማሪ ሰው ሰፊ ቦይ መሮ፣ ትንሽ ቦይ መሮ፣ ሰያፍ መሮ፣ መቁረጫና አንድ መፋቂያ፣ በጠቅላላው አምስት ይበቃል። ሳሕን መቅረጽ ሲጀምር ስድስተኛውን፣ ማለት ጠለቅ ያለ ቦይ ያለውን፣ ይጨምራል።

በዚሁ አገር በሼፊልድ ከተማ ያሉ መሣሪያ ሠሪዎች መሮን ያለ እጀታ ጭምር ይሸጣሉ። ቶርኖ ያለው ሰው እጀታውን ራሱ ይቀርጻልና። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። እጀታ ማለት ከመሮው ርዝመት እኩሌታውን የሚያህል እንጨት ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ገዝተን፣ የመርከብ ኪራይ ከፍለን የምናመጣው ይህን እንጨት ነው። በእኛ አገር ከወይራ የተቀረጸ እጀታ ከማንኛውም አገር እጀታ አያንስም፤ አንገቱ እንዳይሰነጠቅ የሚታሰርበት ቀለበትም ከተቆረጠ የነሐስ ቱቦ ይሠራል። ብረቱን ብቻ አስመጥተን እጀታውን እዚህ ላሉ ቀራጮች ብናሠራ፣ መደርደሪያውንም ለአናጢ ብናዝ፣ ገዢው አምስት መሮ ከነእጀታው፣ ከነመደርደሪያውና ከነነጭ ድንጋዩ ለስምንቱ ሳጥን ይከፍል ከነበረው ብዙ ሳይርቅ ሊያገኝ ይችላል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው እንዲህ አለኝ፦ «ሳጥኑ ይሸጣል፤ ሰው ለስጦታ ይገዛዋል። ነጠላ መሮ ግን አንዱ ዓይነት ሲያልቅ ሌላው ይከርማል፤ ገንዘቤ መደርደሪያ ላይ ይተኛል።» እውነቱን ነው። ለስጦታ ሳጥኑን የሚተካ ነገር የለም፤ እኔም ጥቂት ሳጥን ማስቀመጤን አልተውሁም። ነጠላውን መሸጥ ከጀመርሁ ወዲህም ሰያፉ መሮ እየተረፈ ቦይ መሮው ቀድሞ እያለቀ አስቸግሮኛል። ነገር ግን ሳጥን የገዛ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ወደ መደብሬ የሚመጣበት ምክንያት አልነበረውም፤ ነጠላ የገዛው ግን ለድንጋይ፣ ለብርጭቆ ወረቀት፣ ለቫርኒሽ፣ ለስድስተኛው መሮ ይመለሳል። ባልደረባዬ በዚህ አልረታም፤ እስከ ዛሬም እንከራከራለን።

የመምህሩን መደርደሪያ እርሳቸውና እኔ በአንድ እሑድ ከማሽኑ ፊት አንሥተን ከበሩ አጠገብ ወዳለው ግድግዳ አዛወርነው። አምስቱን ያልተነኩ መሮዎች በግማሽ ዋጋ መልሼ ተቀበልኋቸው፤ ሦስቱ በነጠላ ተሸጡ። በስሕተት የመጡት ቸኮች ግን አራቱ እስከ ዛሬ በመደብሬ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «1 ኢንች፣ በ8 ጥርስ» ተብሎ ተጽፎባቸው ተሰቅለዋል። ከአንባቢዎች መካከል ልኩ የሚስማማ ቶርኖ ያለው ወይም ለደንበኛው የሚፈልግ ቢኖር፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በገዛሁበት ዋጋ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ የቶርኖውን ጥርስ ግን አስቀድሞ ይለካ።